የቲሙን ስንደግፍ እናቱን አንለፋት

(በማኅበራችን ዓመታዊ የየቲሞች ድጋፍ ስብሰባ፣ ጎንደር ማራኪ ላይ የተደረገ ንግግር)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፉት ስብሰባዎቻችን ስለ የቲም ደረጃ ደጋግመን ተነጋግረናል። የቲምን ተንከባክቦ የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች ተቀራርቦ እንደሚሆን የሚያበሥረውን ሐዲስ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ብዙዎቻችሁም ይህን ሰምታችሁ ነው እጃችሁን የዘረጋችሁት። አላህ ይቀበላችሁ። ዛሬ ግን ከየቲሙ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ስለማትታየን አንዲት ሰው እንድንነጋገር እንፈልጋለን። እርሷም እናቱ ናት።

በሸሪዓችን አነጋገር የቲም ማለት ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እንግዲህ ብዙ የቲም እናት አለው ማለት ነው። ይህች እናት ሁለት እግሯ የሚራመድ፣ ሁለት ዓይኗ የሚያይ ስትሆን የልጆቹን ነገር ለእርሷ እንተዋለን። እግሯ የማይራመድ ወይም ዓይኗ የማያይ ስትሆን ግን ሳናስበው እናትነቷን ከእጇ እንወስደዋለን። ይህን የምንለው ሰውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን አድርገነዋልና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በማራኪ አንድ ሸማኔ ወንድማችን ወደ አኼራ ሄደ። ባለቤቱ በልጅነቷ በፖሊዮ በሽታ ሁለቱም እግሮቿ የሰለሉ፣ ከጉልበቷ በታች የጎማ ቁራጭ አስራ በእጆቿ እየተደገፈች የምትንቀሳቀስ እህት ናት። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ቀሩላት። እኛ ሦስት የኮሚቴ አባላት ለተዕዚያ እንደሄድን፣ በዚያው ልጆቹን ለመመዝገብ ብለን ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣን።

የተነጋገርነው ከልጆቹ አጎት ጋር ነበር። «ልጆቹ ከማን ጋር ይሆናሉ?» ብለን ጠየቅነው። «እንግዲህ እርሷ እንዲህ ሆና ምን ታደርጋቸዋለች? ሴቷን እኔ ወስዳታለሁ፤ ወንዱን እኅታችን ትወስደዋለች» አለ። እኛም ጻፍን። እናትየዋ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ፣ ባዘቶዋ በጉያዋ እንደ ሆነ ትሰማን ነበር። ጽፈን ስንጨርስ እንዲህ አለች፦ «ሸሆቼ፣ እስከ ትናንትና ማን ያሳደጋቸው መስሏችሁ ነው? አባታቸው ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ነበር የሚገባ። ያልቆመው እግሬ ነው እንጂ እጄ ተኝቶ አያውቅም።»

እኛ ምን መለስን? «አላህ ያጽናሽ፣ ለአንቺም ማረፊያ ነው» ብለን ተነሣን። በዚያች ሰዓት ደግ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

አምስት ወር አልሞላም። ልጅቷ አንድ ቀን ማለዳ ብቻዋን በእግሯ መጥታ የእናቷን በር አንኳኳች። ለካ በአጎቷ ቤት ሕፃን ታዝል ነበር እንጂ ትምህርት ቤት አልገባችም። በየወሩ የምንሰጠው ገንዘብም ለቤቱ አስቤዛ ሆኗል። አጎትዬው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ኑሮው ጠባብ ነበር፣ ገንዘቡንም በእጁ ያስቀመጥነው እኛ ነን። ትንሹ ልጅ ደግሞ አክስቱ ቤት ሆኖ ድምፁ ጠፍቶ፣ ሰው ሲጠራው ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። አንድ የቲም አባቱን አንድ ጊዜ በሞት አጣ፤ እናቱን ግን በሕይወት ሳለች እኛ አሳጣነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ለምን እንዲህ እንዳደረግን ራሳችንን መጠየቅ የጀመርነው። ስንመረምረው ከሰፈርም ከገበያም፣ አንዳንዴም ከመስጊዳችን በር ላይ የሰበሰብናቸው ሦስት አስተሳሰቦች በውስጣችን ተቀምጠው አገኘናቸው።

የመጀመሪያው «አካል ጉዳት የአላህ ቁጣ ነው፤ የወላጅ ኃጢአት ወይም እርግማን ነው» የሚለው ነው። ይህ ከሃይማኖታችን የመጣ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽን ታላላቆች ሲያነጋግሩ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ ፊታቸውን ስለ አዞሩ ሱረቱ ዐበሰ እንደ ወረደች ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ። ይህ ሰው በኋላ የመስጊዳቸው ሙአዚን ሆኗል፤ ነቢያችንም ለጉዞ ሲወጡ መዲናን በአደራ ይሰጡት ነበር። ስሙንም አስተውሉ። ታሪክ የሚያውቀው በእናቱ ነው፤ የኡሚ መክቱም ልጅ ተብሎ። እርግማን ቢሆን ኖሮ አምስት ጊዜ ሰውን ወደ ሰላት እንዲጠራ ማን ይሾመው ነበር?

ሁለተኛው «ልጁም እንደ እናቱ ይሆናል» የሚለው ነው። በዚህ የተነሣ ስንት እህቶቻችን ኒካሕ ሳይጠየቁ ቀርተዋል! ብታገባም አማቶቿ እርግዝናዋን በሥጋት ነው የሚጠብቁት። እስቲ ጉዳቶቹን በየተራ እንያቸው። ፖሊዮ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ በእጅ ንጽሕና ጉድለት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ክትባት ይከላከለዋል፤ በዘር አይሄድም። ሥጋ ደዌም በዘር አይወረስም፤ መድኃኒት አለው። ስብራት በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ እግሯ የተቆረጠ፣ በመኪና አደጋ ወይም በጦርነት አካሏን ያጣች እናት ጉዳቷን ለልጇ አታወርስም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ የደረሰውን ታውቃላችሁ። አዎን፣ በዘር የሚተላለፉ አንዳንድ ሕመሞች አሉ፤ እነርሱ ግን ጤነኛ በምንላቸው ሰዎች ቤትም አሉ። ስለ እነርሱ የሚናገረው ሐኪም እንጂ የቡና ላይ ወሬ መሆን የለበትም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በገጠራችን እናቶችን አካል ጉዳተኛ የሚያደርገው አንዳንዴ ራሱ እናትነታቸው ነው። የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ የምንለው በሽታ በአማራ ክልል ለረጅም ዘመን እጅግ ተስፋፍቶ የኖረ ነው። በሽታው ከሕፃናት ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። እናት ልጇን ታቅፋለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን ትጠርጋለች፣ በዚያው ነጠላ የራሷን ትጠርጋለች። በየጊዜው እየተመላለሰ ሲይዛት የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቷም ብሌኗን እየፋቀ ብርሃኗን ይወስደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ የሴቶች መታወር ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ እንደሚደርስ ይገልጻል። ምክንያቱም ልጅ የሚያቅፉት እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። እንደዚሁ ሐኪም ሳያገኝ ቀናት የፈጀ ምጥ ፌስቱላ ከማስከተሉም በላይ የእግርን ነርቭ ጎድቶ እናቲቱን ሽባ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ልጅ በማሳደግ ዓይኗን ያጣችን ሴት «ልጅ ማሳደግ አትችልም» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሦስተኛውና እኛን የጣለን «አዝነንላት ነው፣ አትችልም» የሚለው ነው። ይህ ከሁለቱ ይልቅ ያስቸግራል፤ የርኅራኄ ልብስ ለብሶ ይመጣልና። «አትችልም» ከማለታችን በፊት ግን እንዴት እንደምታደርገው አይተን እናውቃለንን? እኛ ያየነው ልጆቿ ከተመለሱላት በኋላ ነው። ምድጃዋ መሬት ላይ ነው፤ ምጣዷ፣ ሌማቷ፣ ዱቄቷ ሁሉ እጇ በሚደርስበት ቁመት ተደርድሯል። ውኃ በእንስራ ፋንታ በግማሽ ጀሪካን እያደረገች በገመድ ትስበዋለች። ትንሹ ልጅ ዳዴ በሚልበት ዘመን ከእግሩ ላይ ትንሽ ቃጭል አስራ ወዴት እንደሄደ በድምፁ ታውቅ እንደ ነበረ ጎረቤቶቿ ነገሩን። እኛ ቆመን የማናየውን ቤቷን እርሷ ተቀምጣ አበጅታዋለች።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሉቅማን ስለ እናት ሐቅ ሲናገር እናት ልጇን በድካም ላይ በድካም እንደ ተሸከመችው አውስቷል። ይህን በጥሞና እናስተውል። ቁርኣን የእናትን ድካም የመብቷ ምክንያት አደረገው። እኛ ደግሞ የአንዲትን እናት ድካም እናትነቷን የምንነጥቅበት ምክንያት አደረግነው። የሚደክሙ እናቶች ሁሉ ሐቅ ካላቸው፣ እጥፍ የደከመችው ሐቋ እጥፍ ነው እንጂ እንዴት ይቀነሳል?

የልጅ ሐዳና፣ ማለትም የሕፃን አስተዳደግ፣ በመጀመሪያ የእናት እንደ ሆነ ዑለማዎቻችን አስተምረዋል። በዝርዝሩ ቢለያዩም የሚመዝኑት የልጁን ጥቅምና ጥበቃውን ነው። በራሷም ሆነ በረዳት ልጁን መጠበቅ የምትችል እናት ተገቢው የእርሷ ነው። የየቲም ገንዘብ ጉዳይ ደግሞ ብርቱ ማስጠንቀቂያ የመጣበት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ ልጁንም ገንዘቡንም ከእናቱ ወስደን ለሌላ ስንሰጥ በምን ላይ እንደቆምን እንይ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት በአቅሙ ልክ ሊረዳቸው የሚገባቸውን ሲዘረዝር አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት በአንድነት አስቀምጧል። የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የአገራችን ሕግ አካል ሆኗል። የዚህ ስምምነት 23ኛ አንቀጽ አካል ጉዳተኞች የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከዚያም አልፎ በወላጅ አካል ጉዳት ምክንያት ብቻ ልጅን ከወላጁ መለየትን ይከለክላል። የቤተሰብ ሕጋችንም አንደኛው ወላጅ ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ወላጅ እንደሚሆን ይደነግጋል። እኛ ያን ቀን በወረቀታችን ላይ የጻፍነው ከሸሪዓውም ከሕጉም ጋር የማይሄድ ነበር።

ምናልባት «እንዲህ ዓይነት እናቶች ስንት ናቸውና?» የሚል ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝባችን መካከል አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከመቶ አንድ ሰው ጥቂት ከፍ የሚል ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ግን በዓለም ላይ ከመቶ ሰው 15 ያህሉ አንድ ዓይነት ጉዳት እንዳለበት ገምተዋል። ልዩነቱ በከፊል ከአጠያየቁ የመጣ ነው። በከፊል ግን ቆጣሪ ሲመጣ ጓዳ የምትገባ እህት፣ «የለንም» የሚል አባት ስላለ ነው። በዓይን ያላየነውን ደግሞ በዘካና በሰደቃ መዝገባችን ላይ አንጽፈውም።

ጓዳ ካልተደበቁት መካከል የአንዲቱን እንጥቀስ። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በአምስት ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ ናቸው። ሕግ ተምረዋል፤ በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ ባደረጉት ተጋድሎ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል፤ የሁለት ሴቶች ልጆችም እናት ናቸው። ዓይነ ስውርነቱ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናቸው ሲናገሩ ተሰምተዋል። ይህ ንግግር ያስደስታልም፣ ያሳዝናልም። «አታገባም» ተብላ የተተወችው ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ተላከች ነው ዓለም ያወቃት። ሳትማር የተተወችውስ?

በከተማችንም መልካም ጅምር አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ሥራቸው ቤት ለቤት እየሄዱ አካል ጉዳተኞችን ሲያግዙ ኖረዋል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም እዚሁ ይሠለጥናሉ። ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራ ማእከል ባሕር ዳር አለ። የጎደለው ብዙ ጊዜ እናቲቱን እስከዚያ የሚያደርስ ሰውና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ድጋፉ በእናቲቱ ስም ይሁን። መፈረም ካልቻለች ራሷ በመረጠችው ምስክር ፊት በጣቷ ትፈርም። ዓይነ ስውር ከሆነች የሚነበብላትን ሰው የምትመርጠው እርሷ ትሁን።

ሁለተኛ፣ ቤቷ ስንገባ እርሷን እንጠይቅ። ከራሷ በላይ ቆመን አናውራ፤ ከተቀመጠችበት ቁመት ላይ ተቀምጠን «ምን ይጎድልሻል?» እንበላት። የልጅቷ እናት ይህን በተጠየቀች ጊዜ የለመነችው ስንዴም ዘይትም አልነበረም። የደጃፏ ደረጃ እንዲስተካከልላትና ሽንት ቤቱ መቀመጫ እንዲሠራለት ነበር። አንድ አናጢና አንድ ግንበኛ ከጀመዓችን ወጥተው በአንድ ቅዳሜ ጨረሱት።

ሦስተኛ፣ ልጁ በትምህርት ሰዓት የእናቱ እግርና ዓይን እንዳይሆን እንርዳ። ልጅ እናቱን ማገልገሉ ትልቅ ምንዳ አለው፤ ነገር ግን ውኃ ለመቅዳት ወይም በትር ይዞ ለመምራት ከክፍል የሚቀር ልጅ ነገ ሁለቱንም ይጎዳል። ውኃ የሚያመላልስ ሰው በወር መቅጠር ወይም ጎረቤትን በተራ መመደብ ብዙ ወጪ አይደለም።

አራተኛ፣ እህቶቻችን ነፍሰ ጡር የሆነችውን አካል ጉዳተኛ ወደ ጤና ጣቢያ አጅቧት። ከእነርሱ መካከል አንዲቱ የምርመራው አልጋ ከፍ ብሎባት ስትቸገር «ለመሆኑ አንቺን ማን ነው ያስረገዘሽ?» ተብላ እንደተጠየቀች ነግራናለች። ሕጋዊ ባል ያላት ሴት ናት። ከዚያ በኋላ ለመከታተል አልተመለሰችም፤ ሁለተኛ ልጇንም ቤቷ ወለደች። አብራት የምትቆም አንዲት እህት ብትኖር ጠያቂው ያንን ቃል ይደፍረው ነበር?

አምስተኛ፣ አንደበታችንንና በራችንን እናስተካክል። አንዱ ሕዝብ በሌላው፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ስምም እንዳይጠራሩ በሱረቱ-ል-ሑጁራት ተከልክለናል። «አንካሳዋ»፣ «ዕውሯ» እያልን ስንጠራ ልጇ ይሰማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። የኛ መስጊድ የሴቶች ክፍል ስንት ደረጃ ያስወጣል? ሱረቱ-ን-ኑር ከዓይነ ስውርና ከአንካሳ ጋር አብሮ መብላት ነውር እንዳልሆነ ሲያስተምረን በአንድ ማዕድ እንድንቀርብ ነው። በሠርጋችንና በዒድ ድግሳችን ድርሻዋን በሳህን ቤቷ ልከንላት «አስታወስናት» ማለት አይበቃም።

ልጁ በእውነት አደጋ ላይ የሚወድቅበት ቤት የለም አንልም። አለ። ያን ጊዜ ግን አካሏ የተሟላውን እናት በምንመዝንበት ሚዛን እንመዝን። ልጁ በልቷልን? ተምሯልን? ተመትቷልን? ብለን እንጠይቅ። እግሯን አይተን አንፍረድ። በእርዳታ የሚቃናውን ነገር ደግሞ በመለየት አናበላሸው።

ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስና እናብቃ። ልጅቷ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ቁርኣን እየቀራ ነው፤ ድምፁም ተመልሷል፤ እንዲያውም ዝም በል ሲባል እምቢ ይላል። እናታቸው ፈትሏን እየሸጠች፣ ከእናንተ የሚደርሳትንም በእጇ እየተቀበለች ታሳድጋቸዋለች። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ናት፤ ስሟን እንድንጠራ ግን አልፈቀደችም። ያን ቀን ስለ ሠራነው ስሕተት ዐፉ እንድትለን ቤቷ ሄደን በጠየቅናት ጊዜ የመለሰችልን ይህን ነበር፦ «አላህ ይማራችሁ፣ ሸሆቼ። እኔ የተቀየምኩት ልጆቼን ስለ ወሰዳችሁ ብቻ አይደለም። ስትጽፉ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላችሁ አላያችሁኝም።»

ቀና ብለን እንይ፣ ወገኖቼ።

አላህ የቲሞቻችንን ይጠብቅልን። እናቶቻቸውን ያበርታልን። በእጃችን የተቀመጠውን አደራ የምንወጣ ያድርገን። ያጠፋነውን ይማረን፤ የሰጣችሁትንም በመልካም ሚዛናችሁ ላይ ያኑርላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።